ሃያ አምስት ግራም

ከናሪን ሲነሳ መሪው ሰላም ነበር፣
ስልሳ ላይ ሰላም ነው፣ ሰባም ላይ ቢጨምር።
ሰማንያን ሲነካ ጀመረው መንዘፍዘፍ፣
እንደ ወባ ታማሚ፣ እንደ ረጠበ ወፍ፤
ዘጠና ሲገባ እጁ ከነክርኑ፣
ጥርሱ ከመንጋጋው፣ መነጽሩ ካይኑ
አብረው ተንቀጠቀጡ።

ከጎኑ ተቀምጠው ባልቴቷ ቡሩል፣
ጭናቸው ላይ ታቅፈው ሠላሳ እንቁላል፣
«ቀስ በል» አሉ፣ «ልጄ፣ እነዚህ አይችሉም።»
ቀስ አለ። እጆቹ ግን ቀስ በሉ አይባሉም።

ለሚስቱም ያልነገራት አንድ ነገር ነበር፤
የአባቱም፣ የጁማሽ፣ እንዲህ ነበር ሲጀምር።
ሰዓት ጠጋኝ ነበር፣ ከገበያው በር ላይ፣
ከጤፍ ያነሰች ብሎን በወረንጦ ለይቶ የሚያይ፤
አንድ ጠዋት ማንኪያው ከስኒው ጠርዝ ጋራ
ቀጭን ወሬ አወራ።
ያገሩ ልማድ ነው ሻይ በግማሽ መቅዳት፣
ለጁማሽ ግን ግማሹም እስከ አፉ ራቀበት።

እናም ሱዩንቤክ፣ መሪው ሲርገፈገፍ፣
መኪናውን አልጠረጠረም።
ማታ ማታ በሩን ዘግቶ፣ ከመብራቱ በታች
አስር ጣቱን ዘርግቶ ያያል፣
የትኛዋ ቀድማ ትከዳው እንደሁ።

እርግጥ አሳይቷል። አንዱ አላይመንት ሠራ፣
ሌላው ቴስቲና ለወጠ፣
ሦስተኛው መንገዱን ረግሞ ሸኘው።
ገንዘቡ ከኪሱ ወጣ፤
ንዝረቱ ግን ከነቤተሰቡ እዚያው አደረ።

ኮችኮር መግቢያ ላይ፣ በአሮጌ ኮንቴይነር፣ አንዲት ጎሚስታ አለች፤
አናርኩል ይሏታል፤ ክሪኳን እየጎተተች ወጣች።
«በስንት ይጀምራል?»
          «ሰማንያ።»
«ወንበሩን ነው ወይስ መሪውን?»
          «መሪውን።»
«የፊቱ ነው እንግዲያ።»
«እጄ…» ሊላት ነበር። ምራቁን ዋጠና
ቡሎን ስትፈታ አያት፣ ቁልፉን በእግሯ ረግጣ፣ እንደገና፣ እንደገና።
ቡሩል የጎማ ክምር ላይ ተቀምጠው
እንቁላላቸውን ይቆጥራሉ።

ከቸርኬው ሆድ ጭቃ ፈነቀለች፣ እንደ ድንጋይ የከረረ፤
«የዶሎን አፈር ነው» አለች፣ «ሳይከፍል የተሳፈረ።»
ጠርጋ ስታበቃ ከጠርዙ ስር ታየ
ንጹሕ አራት ማዕዘን፣
ሥዕል እንደ ወረደበት ግድግዳ።
አንድ ነገር እዚህ ነበረ።
በአንዱ ሌሊት፣ በአንዱ ጉድጓድ ላይ፣
ማንም ሳይሰማው ወደቀ።

ማሽኑ ላይ ሰቅላ ለቀቀችው፤ ዞረ፣ ዞረ፣ አፏጨ፣
ቆመና ቁጥሩን አወጣ።
ሃያ አምስት ግራም! የአንዲት ድንቢጥ ክብደት።
አንዲት ድንቢጥ ጎድላ ነው አንድ ቶን ተኩል ብረት
ሰውን ከነአባቱ የሚያንቀጠቅጠው?

«ታዲያ» አላት፣ «ከከበደው በኩል ስንት ይቀነሳል?»
«ከከበደው አይነሳም፤ ከማዶው ይጨመራል»
አለችና ለጠፈች፣ አምስት ቁራጭ እርሳስ።
እርሳስ ይሉታል ስሙን፤ አባት ግን እንዴት ይረሳል?

ዳግም አሽከረከረች። ዜሮ። በውስጥም በውጭም ዜሮ።
ሁለት መቶ ሶም ብቻ። እጇን በጨርቅ ጠረገች።

ከኮችኮር ሲወጡ ሰባ፣ ሰማንያ፣ ዘጠና…
መሪው እንደ ንጋት ሐይቅ ተኛ።
«ምን ያስቅሃል?» አሉ ቡሩል። መልስ አልነበረውም፤
ዘጠናን እየተመላለሰ ይነካካ ነበር፣
የወለቀ ጥርስ ቦታን በምላስ እንደሚነኩት።

ባሊክቺ ደረሱ። ሠላሳው እንቁላል ወረደ፣ አንድም ሳይሰበር።
ሻይ ቤት ገባ። ሻዩ መጣ፣ እንደ ልማዱ በግማሽ።
እንፋሎቱ እስኪያልቅ አየው።
አሁን መሪ የለም፣ ጎማ የለም፣
የሚመካኝበት መንገድ የለም፤
እጁና ስኒው ብቻ።
ሊያነሳው ሲል
መጀመሪያ ማንኪያውን አወጣና
በቀስታ፣
ጨርቁ ላይ አስተኛው።